በኤሊዋ ቁመት ልክ

ሰው ሲጨንቀው የማይሳለው ስለት የለም! በሬ የሌለው በሬ ይሳላል፣ ለራሱ ጃንጥላ የሌለው ለታቦት ድባብ ይሳላል፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚያጓራው «ዕድሜ ልኬን እዘምርልሃለሁ» ብሎ መላእክትን ያስፈራራል። ጭንቁ ሲያልፍ ግን «ምን ነበር ያልኩት? በሬ ነው ወይስ በግ?» እያለ ከራሱ ጋር ድርድር የሚገባውም ያው ሰው ነው። እናንተን አላልኩም! ስለ ራሴ ነው የማወራው። እኔ በተፈጥሮዬ ጠንቃቃ ነኝ። የጋዙን ቁልፍ ሦስት ጊዜ አይቼ፣ በሩን ሁለት ጊዜ ገፍቼ፣ ደረጃውን ወርጄ ስጨርስ ተመልሼ የምፈትሽ ሴት ነኝ። ጠንቃቃ ሰው ስለት ሲሳል ደግሞ… ጣጣው አያድርስ ነው።

የምኖረው ጣሊያን አገር ነው። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አንዲት ሲኞራ እጦራለሁ። ሲኞራ ከልጆቻቸው አብልጠው የሚወዷት፣ ሟች ባለቤታቸው ያመጡላቸው አንዲት ኤሊ አለቻቸው። ኒና ትባላለች። በዚያ ዓመት ሲኞራ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሆስፒታል ገቡ። ልጆቻቸው «ኤሊዋን ለእንስሳት ማቆያ እንስጣትና እንገላገል» ሲሉ ሰማኋቸው። ሲኞራም ሰምተዋል ለካ! እጄን ጥርቅም አድርገው ይዘው፣

«ጥሩዬ፣ ኒናን ለማንም እንዳትሰጫት። ስወጣ እቤቴ ጠብቁኝ። አንቺም እሷም» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ያላየኋትን እናቴን ለማየት ደሴ የምሄድበትን ትኬት ቆርጫለሁ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ኤሊዋን ይዤ በረርኩ!

ጠንቃቃ ነኝ ብያችሁ የለ? የሐኪም ወረቀት አወጣሁላት። የጤና ወረቀት፣ የመውጫ ወረቀት፣ የመመለሻ ወረቀት፣ ከጎን የተነሣችው ጉርድ ፎቶ… ለእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ለመስጠት ሁለት ዓመት ያመላለሰኝ አገር ለእሷ በሁለት ሳምንት ጨረሰላት። ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ሳጥን አድርጌ እግሬ ሥር አስቀመጥኳት። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ነጋዴ ግብጽን ሳናልፍ ጆሮዬ ድረስ ጠጋ አሉ።

«እህቴ፣ ዕቃሽ እየተነፈሰ ነው።»

«ኤሊ ናት።»

«አሃ» አሉ። ከዚያ አዲስ አበባ እስክንደርስ እግራቸውን ከወንበሩ በላይ ሰብስበው መጡ።

አዲስ አበባ ስንደርስ አንድ ወጣት ፈታሽ የሳጥኑን ክዳን ከፈተ። ኒና አንገቷን እስከ መጨረሻው አውጥታ፣ ልክ እንደ ግመል አሻቅባ አየችው። ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«ኤሊ ናት ወንድሜ።»

«ኤሊነቷንማ አየሁ። ለምን ዓላማ ነው የገባችው? ለንግድ ነው፣ ለጥናት ነው ወይስ ለምግብ?»

«ኧረ በስመ አብ! አብራኝ ነው የመጣችው።»

«‹አብራኝ› የሚል ምድብ የለንም።» ፎርሙን አገላበጠ። «የቁም ከብት አለ፣ ዶሮ አለ፣ ዓሣ አለ። ኤሊ የለም። ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ ያስፈልግዎታል።»

«የሚመለከተው አካል ማነው?»

«እሱን የሚያውቀው የሚመለከተው አካል ነው።»

ደብዳቤ ከሌለ ወይ በመጣችበት ትመለሳለች፣ ወይ እዚያው ትቀራለች አለኝ። ብቻዋን ተመልሳ ማን ሊቀበላት? ልጆቹ! ወዴት ሊወስዷት? ሲኞራ ከሆስፒታል ወጥተው «ኒናስ?» ሲሉኝ ታየኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩና እንዲህ አልኩ፦

«ገብርኤል ሆይ! ይህችን አደራ ከነነፍሷ አሳልፍልኝ እንጂ፣ ለታኅሣሥ በዓልህ በቁመቷ ልክ ጧፍ አስገባለሁ!»

አትፍረዱብኝ። እኛ ቤት ልጅ ሲታመም እናት «በቁመቱ ልክ ጧፍ» ብላ ትሳላለች። ከዚያ የጥጥ ፈትል ከልጁ አናት እስከ እግሩ ይለካል፤ የተለካው ፈትል ራሱ ሰም ለብሶ ጧፍ ይሆናል። ስለቱ ለማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። አፌ የለመደውን አለ እንግዲህ። «በቁመቴ» ብል ምን ነበረበት? አንድ ሜትር ከስድሳ ነኝ፤ ተለክቼ አልቄ ነበር!

ገብርኤል ደግሞ ሲለምኑት ፈጣን ነው። አሜን ብዬ ሳልጨርስ የፈታሹ አለቃ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ብቅ አለ። የኒናን ወረቀት ተቀብሎ አነበበ።

«ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«አንቺስ?»

«አርባ አንድ።»

ወደ ወጣቱ ዞረ። «ታላቅ ሰው ነው እንዴ ያቆምከው? አሳልፋቸው!» ከዚያ ወደ እኔ፣ «ወዴት ናችሁ?»

«ደሴ።»

«በታኅሣሥ? ደሴን ተምሬበታለሁ፣ ብርዱን አልረሳውም። ሴትዮዋ አይችሉትም። ኮምቦልቻ ብታሳድሪያቸው ይሻላል።»

ሣቅሁ። ምክር እንደሆነ ያልገባኝ እዚያ ላይ ነው።

ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ስንወርድ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኒና አንገቷን በቀዳዳው አውጥታ አገሩን ስታይ ነበር። ሚኒባሱ ወደ ደሴ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ግን አንገቷ በየመታጠፊያው ጥቂት ጥቂት ገባ። ደሴ ስንደርስ ኒና የለችም! ድንጋይ ነው የያዝኩት። «ደክሟት ነው» አልኩ።

እናቴ እኔን ስማ፣ አልቅሳ፣ እንደገና ስማ ስታበቃ ሳጥኑን አየች። ከታች ልብስ የሚሰፉት ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድም «እንኳን ደህና ገባሽ» ሊሉኝ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተዋል። አጎንብሰው አዩዋት።

«ከጣሊያን ነው የመጣችው?»

«አዎ ጋሽ ሰይድ።»

«አልሐምዱሊላህ! ያኔ የመጡብን በታንክ ነበር። እየቀነሱ ነው።»

እናቴ በእንግዳ አይቀለድም ብላ ቆጣ አለች። ዕድሜዋን ስነግራት ጭራሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኒና ለእናቴ «እርስዎ» ናት።

«ምን ይቀርብላቸዋል? ጾም ላይ ነን እንጂ…»

«እማዬ፣ እሷ ሥጋ አትበላም።»

«ወተትስ?»

«አትቀምስም። ቅጠላ ቅጠል ብቻ ነው።»

«ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ?» እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኛ በሰማይ ምን ልንል ነው ጃል!»

ስለቱን ስነግራት ወዲያው የፈተለችውን ጥጥ ይዛ ከተፍ አለች። በዓሉ ዓርብ፣ የመመለሻ በረራዬ ቅዳሜ፤ ለመለካት አራት ቀን አለን። አራት ቀን ለአንዲት ኤሊ ምን አላት?… እንዲህ አልን። ኒና ግን በማግስቱም አንገቷን አላወጣች። በሦስተኛውም ቀን አላወጣች። ቲማቲም አቀረብን፣ ሰላጣ አቀረብን፣ የከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጥን። እናቴ አጎንብሳ «እባክዎን ቅመስ ያድርጉ፣ ያፍራሉ እንዴ?» ትላታለች። ድንጋይ መልስ አይሰጥም።

«ልጄ» አለች እናቴ በመጨረሻ፣ «ስለት ተሸክመሽ ያን ባሕር አላሻግርሽም። ትኬቱ ይቃጠል እንጂ አትሄጂም።»

አሁን ገባችሁ? ቀረሁ ማለት ሲኞራ ከሆስፒታል ሲወጡ ባዶ ቤት ይገባሉ። ሄድኩ ማለት የገብርኤልን ስለት በልቼ በእርሱ ሰማይ ላይ ልበር ነው። በመሐል ያለው አንድ የኤሊ አንገት ነው!

ወሬው ለካ ሰፈሩን አዳርሷል። ጎረቤታችን እትዬ ላቀች ሊጠይቁኝ መጡ። እትዬ ላቀች የሰውን ስለት ከባለቤቱ በላይ የሚያስታውሱ ሴት ናቸው።

«በቁመቷ አልሽ አሉ። በኤሊዋ?»

«አዎ እትዬ ላቀች።»

«ስንዝር በማትሞላዋ? ከጣሊያን ድረስ መጥተሽ?»

«ስለቱ ለእሷ ስለሆነ…»

«አይ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። እኔ እንኳ ድሃይቱ፣ ላሜን ምጥ ሲይዛት በላሜ ቁመት ነበር የተሳልኩት። ከቀንድ እስከ ጭራ።»

የንስሐ አባታችን ቄስ ገላው ይድረሱልኝ አልኩ። መጡ። በመስቀላቸው ባረኩን፣ ኒናንም አዩዋት። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«አባቴ፣ ሁለት ሜትር አድርጌ ባስገባውና ብገላገልስ?»

«ማን ነው ሁለት ሜትር ያለሽ?»

«ማንም። ልጨምር ብዬ ነው።»

«ለማን ነው የምትጨምሪው? ለገብርኤል ነው ለላቀች?»

እትዬ ላቀች እዚያው ተቀምጠዋል! ጣራ ጣራውን አዩ። እኔ መሬት መሬቱን።

«እሺ አባቴ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እንዲሁ እንዳለች፣ አንገቷን እንደከተተች ብትለካስ?»

ቄስ ገላው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ኤሊ ለስለት አይለካም የሚል አላነበብኩም። ይለካል የሚልም አላነበብኩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በተሳልሽ ሰዓት አንገቷ የት ነበር?»

የጥያቄ መዓት ሞልቶ እንዴት ይህችን መረጡ! «ገብቶ ነበር» ብል ማን ያውቅብኛል? ወጣቱ ፈታሽ አዲስ አበባ ነው። ኒና አትናገርም። ነገር ግን ያቺ እንደ ግመል የተሰበቀች አንገት ዓይኔ ላይ መጣች።

«ወጥቶ ነበር አባቴ… እስከ መጨረሻው።»

«እንግዲያስ እስከ መጨረሻው ነው» አሉና ተነሡ።

አምስታችን፣ ማለትም እኔ፣ እናቴ፣ ቄሱ፣ እትዬ ላቀችና ጋሽ ሰይድ፣ በአንድ ለአምስት የተደራጀን ይመስል ኒናን ከብበን ቆምን። አጀንዳው አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን… እንደ ስብሰባው ሁሉ!

«እኔ ሰው ስለካ ‹ቀና በል› እላለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «እሷን በምን ቋንቋ ልበላት? ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ስለካ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ አልገጠመኝም።»

«ሰይድ፣ አንተ ደግሞ በገብርኤል ስለት ምን ጥልቅ አደረገህ?» አሉ እትዬ ላቀች።

«ጅብሪል የእናንተ ብቻ መሰለሽ እንዴ? የእኛም ነው! ለእሱ ስለካ ብሳሳት የምጠየቀው በሁለት በኩል ነው።»

በዚህ መሐል ነው ያ የሻይ ብርጭቆ የያዘ አለቃ ትዝ ያለኝ። «ኮምቦልቻ ብታሳድሪያቸው…» ብድግ አልኩ።

«በርዷት ነው! ደሴ ሆና አትለካም። ኮምቦልቻ እናውርዳት!»

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። እኔ ኒናን፣ እናቴ ፈትሏን፣ ጋሽ ሰይድ መቀሳቸውን ይዘዋል። እትዬ ላቀች ደግሞ «ምስክር ያስፈልጋል» ብለው ማንም ሳይጠራቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከኋላችን ያሉ ሰውዬ ሳጥኑን አጮልቀው አዩ።

«አሟት ነው?»

«አይ፣ ልናስለካት ነው» አለች እናቴ።

«ምኗን?»

«ቁመታቸውን።»

ሰውየው ትንሽ አሰቡ። «ደሴ ሜትር ጠፋ?»

ሚኒባሱ በሣቅ ሊገለበጥ! ከዚያ እስክንወርድ ድረስ መንገደኛው ሁሉ ሐሳብ ሰጪ ሆነ። አንዱ «በውኃ ንከሯት» ይላል፣ አንዷ «ዘፈን ክፈቱላት» ትላለች። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ተዋት፣ የቸኮለው ሰው ነው፣ እሷ ምን ቸገራት» ብለው መልሰው እንቅልፋቸውን ለጠጡ።

ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጎማ ጠጋኝ ቤት ፊት ለፊት ፀሐይ ያጋለው የሲሚንቶ ወለል አገኘን። አስፈቅደን ኒናን አስቀመጥናት። አንድ ቲማቲም ከፊቷ አኖርን። ዝም… ሰው ተሰበሰበ። ዝም… ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀመጠ። ከዛጎሉ ውስጥ መጀመሪያ አፍንጫ ወጣ፣ ቀጥሎ ዓይን። ከዚያ አንገት፣ አሁንም አንገት!

«ይበሉ እመቤቴ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ» ትላለች እናቴ በሹክሹክታ።

ጋሽ ሰይድ «ቢስሚላህ» ብለው ተንበረከኩ። የፈትሉን ጫፍ አፍንጫዋ ጋ ያዝኩላቸው፤ እሳቸው በጀርባዋ ላይ ወደ ጅራቷ ሳቡት። ሊደርሱ አንድ ጣት ሲቀራቸው ኒና መራመድ ጀመረች! ለአራት ቀን ያልተንቀሳቀሰች ፍጡር ቲማቲሙን ረግጣ ነጎደች። እኔ ከፊት ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ ጋሽ ሰይድ ከኋላ በጉልበታቸው እየዳሁ፣ ፈትሉ በመሐላችን ተወጥሮ… የደሴን ሙሽራ ሁሉ የለኩ ሰው በኤሊ ሲጎተቱ አየኋቸው!

«ያ ረቢ! ኧረ አስቁሟት!»

«ጅራቷን አትርሱ! ጅራቷን!» ይጮኻሉ እትዬ ላቀች። «እንዳትሰስቱባት!»

«ደረስኩ! አብሽሩ፣ ደረስኩ!» ቅጭ! መቀሱ ፈትሉን ቆረጠው። ጋሽ ሰይድ ሲሚንቶው ላይ ዘፍ ብለው ተቀምጠው በሜትራቸው አረጋገጡ። «ሃያ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር። ከነጅራቷ፣ ከነኩራቷ።»

እናቴ እልል አለች። ጎማ ጠጋኙም ምን እንደሆነ ሳይገባው አጨበጨበ።

ዓርብ በደሴ ውርጭ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰው ድባቡን፣ ምንጣፉን፣ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ጧፍ ይዞ ይገባል። እኔ ነጠላዬ ሥር የደበቅኋትን ጧፍ ይዤ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ያለው ሰው የልጁን ቁመት፣ ከኋላዬ ያለችው የባሏን ቁመት ይዛለች። ባሏ ረጅም ሰው ሳይሆን አይቀርም! የእኔዋን አውጥቼ ስለኩሳት ከወዲያ ወዲህ የሚያየኝ ያለ መሰለኝ፤ አፈርኩ። ግን እሳቱ በርቶ ሳየው… ስንት ሰው ተንበርክኮላት፣ ስንት ሰው ተሳፍሮላት የመጣች ጧፍ ናት! ዓይኔ እንባ ሞላ። ቅኔው ሳይጋመስ አልቃ ጠፋች። ዘወር ስል እትዬ ላቀች አጠገቤ ቆመዋል።

«ትንሽ ናት» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ቀጥ ብላ ነደደች ግን።»

ከእትዬ ላቀች አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

ቅዳሜ በማለዳ፣ ከዕዳ ነጻ የሆነች ሴት ሆኜ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ። ኒና የደሴ ብርድ ገና አልለቀቃትም፤ እንደ ድንጋይ ሆና ሳጥኗ ውስጥ ተኝታለች። ሻንጣዬን አስገባሁ፣ ወረቀቴን አሳየሁ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ግን ያን ዕለት ተረኛ የነበረው ፈታሽ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይቺ መንገደኛ ናት ወይስ ዕቃ?»

«እንዴት ማለት?»

«ዕቃ ከሆነች ከታች ከሻንጣ ጋር ትጫናለች። መንገደኛ ከሆነች ትኬት የላትም።»

ከታች በዚያ ብርድ! ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖራ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ለገብርኤል ተለክታ… «ወንድሜ፣ እባክህን…»

«ቆይ፣ ኃላፊዬን ልጠይቅ» ብሎ ሄደ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። ልመናው ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ግን ጠንቃቃነቴ ቀደመኝ፤ ሳጥኑን ገለጥ አድርጌ አየኋት። አንገቷ ገብቷል። እስከ መጨረሻው! በተሳልኩበት ሰዓት አንገቷ የት እንደነበር ቄስ ገላው ቢጠይቁኝ አሁን በሙሉ አፌ የምመልሰው መልስ አለኝ። ጊዜው አሁን ነው! ተቻኮልኩ።

«ገብርኤል ሆይ! አሁንም አሳልፍልኝ እንጂ፣ በቁመቷ ልክ ጧፍ… አንገቷን እንደከተተች፣ ልክ አሁን ባለችበት…»

የኮምቦልቻ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሳጥኑ ላይ አርፋ ኖሯል። አሜን ሳልል፣ ደሴ ሙሉ አራት ቀን የለመናት አንገት ከነሙሉ ርዝመቱ ወጣ። ኒና አሻቅባ ትክ ብላ አየችኝ።